ከጦሳ ተራራ ግርጌ ስንጥቅ ወጥቷል፤ ክረምቱ ሳይገባ ምን እናድርግ?

የቅሬ_ጸሐፊ (ግንቦት 4)

ያጀመዓ ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነን፣ በጦሳ በኩል ካለው ዳገት ሥር። ከቤቶቹ በላይ ባሕር ዛፍ የያዘው ተረተር ላይ ወደ 40 ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ አለ። እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለ ነው፤ ሁለቱም ጫፎቹ ወደ ታች ይታጠፋሉ። ስፋቱ ከ3 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የታችኛው ወገን ከላይኛው አንድ ስንዝር ለመሙላት ጥቂት ሲቀረው ዝቅ ብሏል። ከበልጉ ዝናብ ወዲህ ሦስት ግቢ ውስጥ በር አልዘጋም ብሏል፣ አንድ የድንጋይ አጥር ሆዱን ነፍቷል። ከሥሩ 34 አባወራ ይኖራል።

ኮሚቴው ያሰበው ከታች ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) መደርደር፣ ከላይ በተፋሰስ ሥራ የለመድነውን ትሬንች መቆፈር፣ ስንጥቁን ደግሞ በሲሚንቶ መድፈን ነው። ገንዘቡ ከቅሬው፣ ማለትም ከሰፈሩ እድር፣ የተዋጣ ነው፤ ለጋቢዮኑ ግማሽ እንኳ አይበቃም።

እጃችን የገባው የሥልጠና ጽሑፍ ለኔፓልና ለፔሩ ተራሮች የተዘጋጀ ነው። ከዳር እስከ ዳር የሚያወራው ስለ በረዶ ግግር መሸሽና ስለ በረዶ ሐይቅ መደርመስ ነው። እኛ ጋ የበረዶ ግግር የለም። ለእኛ የሚተርፍ ነገር አለው ወይስ እንተወው? የስዊዘርላንዱ ብላተን መንደር ሰው ናዳ ሳይቀብረው ቀድሞ የወጣው በምን ዘዴ እንደሆነም የሚያውቅ ያስረዳን።

---

ዐለት_አንባቢ

ጽሑፉን አትጣለው። በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ የነበረው በረዶ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት አልቋል፤ ዛሬ በአፍሪካ የቀረው ኪሊማንጃሮ፣ ኬንያ ተራራና ርዌንዞሪ ላይ ያለው ቅሪት ብቻ ነው። ግን በረዶው ሲሸሽ ተራራውን የሚያናጋው ነገር ከእኛው ጋር አንድ ነው፦ ድጋፉን ያጣ ዳገት፣ ውሃ የጠጣ ልቅ አፈር፣ ከሥሩ ደግሞ ሰው።

ብላተን ላይ ምትሃት አልነበረም። ከመንደሩ በላይ ያለው ዐለት እየተፈረካከሰ በበርች የበረዶ ግግር ላይ ተከመረበት፣ ግግሩም ከክብደቱ ብዛት ፍጥነት ጨመረ። ባለሙያዎቹ ፍጥነቱን በየቀኑ ይለኩ ነበር። ወደ 300 የሚሆነው ነዋሪ በግንቦት 11 ቀን 2017 ከነከብቱ ወጣ፤ ናዳው የወረደው በግንቦት 20 ነው። አብዛኛው መንደር ተቀበረ፣ የሞተው ግን አንድ ሰው ነው። እነሱ በራዳርና በካሜራ ለኩ፤ አንተ በፌሮና በብረት ሜትር ትለካለህ።

በመጀመሪያ ስንጥቁ የመንሸራተት መሆኑን አረጋግጥ። መረሬ አፈር በበጋ ሲደርቅ በራሱ ይሰነጠቃል፤ ያኛው እንደ ማር እንጀራ ወደየአቅጣጫው የተበታተነ ነው፣ ሁለቱ ወገኖቹም እኩል ቁመት ላይ ናቸው። ያንተው አንድ ረጅም ቅስት ነው፣ ደረጃም ሠርቷል። በሩና አጥሩ ሲጨመሩበት ዳገቱ መንቀሳቀሱ አያጠራጥርም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ 85 ሳንቲ አድርገህ ቁረጥ። ከስንጥቁ በላይ አንድ፣ ከታች አንድ፣ እያንዳንዱን ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል አርቀህ 80 ሳንቲ ምታው። ጠርዙ ላይ ከመታኸው ፌሮው ከሚፈራርሰው አፈር ጋር ይጋደምና የውሸት ቁጥር ይሰጥሃል። ይህን ጥንድ በሦስት ቦታ ትከል፦ መሃል ላይና በሁለቱም ክንፍ። አናቱ ላይ በሹል ምስማር ነጥብ ምታ፤ ልኬቱ ከነጥብ እስከ ነጥብ ነው። የጨርቅ ሜትር ሲርስ ይለጠጣል፣ ስለዚህ የብረት ይሁን። የሚለካው አንድ ሰው፣ ሰዓቱም ጠዋት 3 ሰዓት። በእጅ ሲለካ የ1 ወይም የ2 ሚሊ ሜትር ስህተት አይቀርም፤ በአንድ ቀን 1 ሚሊ ሜትር ጨመረ ተብሎ ሰፈር አይረበሽም።

ቤቶቹ ግድግዳ ላይ ባለው ስንጥቅ ደግሞ እጅ መዳፍ የምታክል ጄሶ ለጥፍበትና ቀኑን ጻፍበት። ጄሶ አይለጠጥም፤ ከተሰነጠቀ ቤቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።

የዝናብ መለኪያውን ለመሥራት ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ይበቃል። የሃይላንድ ጠርሙስ ከሆነ አንገቱን ቆርጠህ እንደ ማጥለያ ገልብጠው፣ ወገቡ ያልተሰረጎደ ይሁን፣ የታችኛውን ጎርባጣ ክፍል እስከ ቀጥታው ድረስ በሲሚንቶ ሙላው። ከግድግዳ ቢያንስ የግድግዳውን ቁመት እጥፍ ይራቅ። የዝናቡን ሚሊ ሜትርና የስንጥቁን ሚሊ ሜትር በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን መዝግብ። ስንት ሚሊ ሜትር ዝናብ አደገኛ እንደሆነ የሚነግርህ ይህ ወረቀት ነው። ከሌላ አገር የተገለበጠ ቁጥር ላንተ ዳገት አይሠራም፤ ስስ አፈር በሰዓታት ዝናብ ይወርዳል፣ ጥልቅ መንሸራተት ግን የሳምንታት ጥርቅም ይጠብቃል። አንዳንዴ ፀሐይ ከወጣ በኋላ የሚመጣውም ለዚህ ነው።

---

ቦይና_ግንብ

ስለ ጋቢዮኑ ልናገር፣ ቅር እንዳትሰኙ። ስሌቱን አብረን እንሥራ። ስፋቱ 40 ሜትር፣ ከስንጥቁ እስከ ታች 60 ሜትር ቢሆን፣ ጥልቀቱን ደግሞ 4 ሜትር ብንገምት 9,600 ሜትር ኩብ ነው። አንዱ ሜትር ኩብ 1.8 ቶን ቢመዝን ከ17 ሺህ ቶን በላይ አፈር ማለት ነው። ከሥሩ በየሜትሩ 3 ሜትር ኩብ ጋቢዮን ብትደረድሩ ጠቅላላው ከ200 ቶን አያልፍም። በዚያ ላይ መሠረቱ ከመንሸራተቻው ወለል በላይ ከሆነ ግንቡ ራሱ ተሳፋሪ ነው፤ አብሮ ይወርዳል።

ከዚህ የባሰው ቁፋሮው ነው። ለመሠረት ብላችሁ በግንቦትና በሰኔ የዳገቱን እግር ብትቆፍሩ ዳገቱ የቆመበትን ምርኩዝ ነጠቃችሁት። በዚህ ወር ከታች አንድ አካፋ አፈር እንዳይነሳ። ግቢ ለማስፋት የሚቆርጥ፣ ድንጋይ የሚያወጣ ካለ ቅሬው ዛሬውኑ ይከልክል።

ትሬንቹንም ተዉት። የተፋሰስ ትሬንች የተፈጠረው ውሃ አቁሮ መሬት ውስጥ እንዲያሰርግ ነው። ለእርሻና ለምንጭ ግሩም ነው፣ ከሚንሸራተት ዳገት አናት ላይ ግን የመንሸራተቻውን ወለል ማጠጣት ይሆናል። እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ተቃራኒው ነው፦ ውሃ ሳይሰርግ ወደ ጎን የሚያወጣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ። ሁለቱም ዳገት ላይ የሚቆፈሩ ቦዮች ስለሆኑ ሰው ያምታታቸዋል።

የቀልባሹ ልክ ይህ ነው። ከላይኛው ስንጥቅ ቢያንስ ከ5 እስከ 10 ሜትር ከፍ ብሎ ይሁን፤ ስንጥቁ ወደ ላይ ሊያድግ ይችላልና። ከላይ ያለው መሬት አንድ ሄክታር ቢሆንና በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ከባድ ዝናብ ቢመጣ፣ ግማሹ ይሰርጋል ብንል በሰከንድ 83 ሊትር ያህል ይወርዳል። ወለሉ 30 ሳንቲ፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ፣ ጎኖቹ 45 ዲግሪ ያዘመሙ ቦይ ይህን ይችለዋል። ቁልቁለቱ በ10 ሜትር 10 ሳንቲ ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ደለል ይሞላዋል፣ ከበዛ ወለሉን ይበላዋል። ውሃ ልክ ከሌላችሁ ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ይበቃል። መዳረሻው ዐለት ያለበት የተፈጥሮ ፈፋ እንጂ የሰው ግቢ አይሁን፤ ብዙ ቦይ የሚደፈነው በምህንድስና ስህተት ሳይሆን በጎረቤት ጠብ ነው።

የቦዩ ወለል በድንጋይና በሲሚንቶ ይሠራ የሚል አይጠፋም። በሚንቀሳቀስ መሬት ላይ ሲሚንቶ በመጀመሪያው ወር ይሰነጠቅና ውሃውን በዚያው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይልካል። ለውሃ ማቆር የሚውለው ጂኦመምብሬን የሚባል የፕላስቲክ ንጣፍ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። መጋጠሚያው 30 ሳንቲ ይደራረብ፣ ከላይ የሚመጣው ከታችኛው በላይ ይረፍ፤ ጠርዙን 30 ሳንቲ ቅበሩት። አቅም ካጠረ ወፍራም ላስቲክም ለዘንድሮ ክረምት ይሆናል፤ በጋውን ግን ፀሐይ ይጨርሰዋል።

ስንጥቁንም በሲሚንቶ አትድፈኑ። ጠርዙን 30 ሳንቲ ስፋትና 40 ሳንቲ ጥልቀት ያህል ክፈቱት፣ እርጥበት ያለው ቀይ ሸክላ አፈር በየ15 ሳንቲው እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት፣ አናቱ ውሃ እንዳይቋጥር ጉብ ይበል። መረሬ አይሁን፣ በጥቅምት መልሶ ይከፈታል። ከተደፈነም በኋላ ፌሮዎቹ በቦታቸው ይቆዩ።

ማንም ልብ የማይለው ደግሞ የጣሪያ ውሃ ነው። 50 ካሬ ጣሪያ በአንድ ሌሊት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት 2,500 ሊትር ነው። በ34 ቤት 85 ሺህ ሊትር፣ ሁሉም ግቢ ውስጥ ይሰርጋል። አሸንዳና ቱቦ እየገጠማችሁ ወደ መንገዱ ቦይ አውጡት። የሚያፈስ የቧንቧ መስመር ካለ ዳገቱን በጋ ከክረምት ያጠጣዋል። በስንጥቁና በቤቶቹ መሃል አዲስ የመጸዳጃ ወይም የፍሳሽ ጉድጓድ አይቆፈር።

---

የቅሬ_ጸሐፊ

አላህ ይስጥልን። ጋቢዮኑን ተውነው፣ ለአሸንዳና ለጂኦመምብሬን እናዙረዋለን። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ፦ ባሕር ዛፉ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ? ደግሞስ ቁጥሩ ስንት ሲሆን ነው ሰው የሚወጣው?

---

ቦይና_ግንብ

ባሕር ዛፉ ይቆይ። ሥሩ 4 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለን መንሸራተት አያቆምም፣ የላዩን አፈር ግን ይዟል። በአንድ ጊዜ ከተጨፈጨፈ ሥሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይበሰብስና የላዩም ይለቃል። ስንጥቁ ጠርዝ ላይ ያዘመሙትን ረጃጅሞቹን ብቻ ቁረጡ፣ ጉቶው አይነቀል። ቬቲቨር ሣር የሚል ምክር ይመጣላችኋል፤ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ይስማማዋል፣ ደሴ ላይ ግን ውርጭ ያገኘዋል፣ ተስፋ አትጣሉበት።

---

ዐለት_አንባቢ

ለመውጫው ጊዜ ዋናው የቁጥሩ ትልቅነት ሳይሆን መፋጠኑ ነው። በየቀኑ 3 ሚሊ ሜትር እየሄደ ወር ሙሉ የሚቆይ ዳገት አለ። የሚያስፈራው ሲጨምር ነው። ቀላል ዘዴ አለ፦ 1ን በቀኑ ፍጥነት አካፍለህ በወረቀት ላይ ነጥብ አድርግ። ለምሳሌ በ1ኛው ቀን 4 ሚሊ ሜትር፣ በ4ኛው 5፣ በ7ኛው 6.7፣ በ10ኛው 10 ቢሄድ፣ ውጤቱ 0.25፣ 0.20፣ 0.15፣ 0.10 ነው። መስመሩን በማስመሪያ ብታስረዝመው በ16ኛው ቀን ዜሮ ይነካል። ዳገቱ ሊለቅ የሚችለው በዚያ አካባቢ ነው። ግን 16ኛውን ቀን አትጠብቅ፤ አንድ ከባድ ዝናብ መስመሩን በአንድ ሌሊት ያሳጥረዋል። ነጥቦቹ ቀጥ ብለው መውረድ ከጀመሩ ሰው ከዚያ ዳገት ሥር ማደር የለበትም።

እንደ መነሻ፦ በቀን እስከ 2 ሚሊ ሜትር በቀን አንዴ መለካት፤ ከ2 እስከ 5 ከሆነ ጠዋትና ማታ መለካት፣ አቅመ ደካማ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ሌላ ቦታ እንዲያድሩ፤ ከ5 ካለፈ ወይም በሦስት ቀን እጥፍ ከሆነ ሁሉም ይውጣ። የራሳችሁ መዝገብ ሲጠራቀም ቁጥሮቹን ታስተካክሏቸዋላችሁ። ይህ ዘዴ ፈፋ ውስጥ በድንገት ለሚወርድ የጭቃና የድንጋይ ጎርፍ አይሠራም፤ ፈፋው አፍ ላይ ያለ ቤት ካለ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ልኬት ሳይጠብቅ ይውጣ።

---

ወልካ

ልኬቱ ላይ የምጨምረው የለኝም፣ የምፈራው ከልኬቱ በኋላ ያለውን ነው።

ጽሑፉ ውስጥ የፔሩን 513 የሚባል ሐይቅ ፈልጉት። ካርዋዝ ከምትባል ከተማ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የበረዶ ናዳ ወድቆበት ጎርፍ አወረደ፤ ቀደም ብሎ በዋሻ ቦይ ውሃውን ባያጎድሉት ጥፋቱ በከፋ ነበር። ከዚያ ዘመናዊ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዝናብ ሲጠፋ ገበሬው አንቴናው ደመናውን አባረረብን ብሎ አፈረሰው። አትሳቁ። ላይ የተተከለው ብረት ምን እንደሆነ ለሁሉም ካልተነገረ እዚህም ያው ነው። ፌሮ ደግሞ ለቁራሌው ይሸጣል፤ ስለዚህ አናቱ ከመሬት አምስት ሳንቲ ብቻ ይታይ፣ ላዩ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይከደን፣ ጥበቃውን ከላይ ከብት ለሚጠብቁት ልጆች ስጧቸው። ቁጥሩም በጸሐፊው ደብተር ብቻ አይቅር፤ ሁሉ የሚያየው ቦታ ላይ በትልቁ ይለጠፍ። ቁጥሩ ሲወጣ በዐይኑ ያየ ሰው ውጣ ሲባል አይከራከርም።

ምልክቱን አስቡበት። ቅሬ ጥሩምባ አለውና በእሱ እንጥራ ትላላችሁ፣ ግን በሌሊት ጥሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ሰፈሩ ይመጣል እንጂ አይሸሽም። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያና የቤተ ክርስቲያኑ ደወልም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ማጉያው ደግሞ ዝናብ ሲበረታ መብራት ስለሚጠፋ ዝም ይላል። ሳይረን ያለው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የእጅ ማጉያ ግዙ። ለሌላ ነገር በፍጹም አይነፋ፤ ለስብሰባ መጥሪያ የዋለ ቀን አለቀለት። ድንጋዮቹ ከውስጡ ወጥተው በላስቲክ ይቀመጡ፣ ውስጡ ከከረሙ ያዣሉ።

ለ34 አባወራ ሰባት ጠሪ መድቡ፣ ለአንዱ አምስት ቤት። ጠሪው በር አንኳኩቶ ሰው መውጣቱን በዐይኑ አይቶ ይለፍ። የሚወጣው ወደ ጎን ነው፤ ቁልቁል የሮጠ ናዳው ይደርስበታል። የስም ዝርዝሩ መሰብሰቢያው ቦታ ይቀመጥ። ልምምድ አንዴ በቀን፣ አንዴ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አድርጉ፤ የጨለማው ልምምድ ነው የተዘጋ በርና የታሰረ ውሻ ያለበትን መንገድ የሚያሳየው።

መመለሻውም አስቀድሞ ይወሰን። ብላተን ላይ በመውጫውና በናዳው መካከል ዘጠኝ ቀን ነበር። በአራተኛው ቀን «ምንም የለም እኮ» ብሎ ለዶሮዎቹ የሚመለስ ሰው ሁሌም አለ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ለአምስት ተከታታይ ቀን ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ካልሆነ አንመለስም ብላችሁ ከወዲሁ ተፈራረሙ። የሰው ከብት ማን እንደሚያበላም እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ገዜ ጎፋ ላይ ከ250 በላይ ሰው ሞቷል። ከሞቱት ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የመጡ ናቸው፤ ሁለተኛው ናዳ እላያቸው ላይ ወረደ። በእኛ ባህል ጎረቤት ተቀብሮ ቆሞ ማየት ነውር ነው፣ ለዚህ ነው ደንቡ ዛሬ በሰላሙ ቀን የሚወጣው። ናዳ ቢወርድ መጀመሪያ ፊሽካ የያዘ ሰው ስንጥቁን ከሚያይበት ከጎን ቦታ ይቁም። ቆፋሪ ከ10 አይብለጥ፣ ሌላው ከጎን ይጠብቅና በፈረቃ ይግባ። ፊሽካ ሲነፋ አካፋ ተጥሎ ይሮጣል። ጠባቂ ሳይቆም ማንም አይግባ፤ የሟች ወንድምም ቢሆን።

---

የኮምቦልቻው

ዐለት አንባቢ «ድጋፉን ያጣ ዳገት» ብለህ ስለ ጽሑፉ የሐይቅ መደርመስ ምዕራፍ ዝም አልክ። እኛን ታች ያለነውን የሚመለከተው እሱ ነው። ብላተን ላይም ናዳው መንደሩን ቀብሮ አልቆመም፣ ሎንዛ ወንዝን ገደበና የተረፉትን ቤቶች ውሃ ዋጣቸው። ቦርከና ከደሴ ወርዶ በዶሮ መዝለያ ጠባብ አልፎ ነው ወደ እኛ የሚመጣው። እዚያ መሃል ወይም ገባሮቹ ላይ ናዳ ቢዘጋው፣ የአፈር ግድብ አናቱ ላይ ውሃ መፍሰስ ከጀመረ ራሱን እየበላ በደቂቃዎች ሊሄድ ይችላል።

ምልክቱ አንድ ነው፦ ዝናብ እየዘነበ ወንዙ በድንገት ካነሰ ወይም ጭቃው ከወትሮው ከጠነከረ ላይ አንድ ነገር ዘግቶታል። ሰው ግን «ጎደለ» ብሎ ለመሻገር፣ እንጨት ለመልቀም ይወርዳል። የሚደረገው ተቃራኒው ነው፣ ወደ ከፍታ መውጣት። ጎርፉ በሰከንድ 3 ሜትር ቢጓዝ 20 ኪሎ ሜትር ለመውረድ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ያ ጊዜ የሚጠቅመው ከላይ ስልክ የደወለ ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ የቅሬ ጸሐፊ፣ ከእናንተ ሰፈር ሁለት፣ ከእኛ ወንዝ ዳር ሁለት ስልክ እንለዋወጥ፤ እዚህ ሳይሆን በውስጥ መልእክት።

የተዘጋ ወንዝ በአካፋ ለመክፈት የሚሞክርም ይኖራል። ኔፓል የኢምጃን ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2016 በ3.4 ሜትር ያጎደሉት መዝጊያ ባለው ቦይ ቀስ እያሉ ነው፤ ፔሩ ፓልካኮቻ ላይም በሲፎን ቱቦ ይስባሉ። በእጅ የተቀደደ ቦይ ግን ውሃው ራሱ ያሰፋዋል፣ ቆፋሪውም ከፊቱ ነው የሚቆመው።

---

የቅሬ_ጸሐፊ (ግንቦት 9)

ስድስቱ ፌሮ ተተክሏል። የመጀመሪያው ንባብ መሃል 2 ሜትር ከ314 ሚሊ ሜትር፣ ምሥራቅ ክንፍ 2 ሜትር ከ106፣ ምዕራብ 2 ሜትር ከ88። ምዕራቡ ላይ ድንጋይ ገጥሞን 50 ሳንቲ ላይ ቆሟል፤ ይቅር ወይስ ይነቀል?

---

ዐለት_አንባቢ

የገጠመህ ድንጋይ ልቅ ሊሆን ይችላል። ነቅለህ ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ምታው፣ 80 ካልገባ 60ም ይበቃል፣ ግን በእጅህ ስታወዛውዘው መነቃነቅ የለበትም። አዲሱን ንባብ እንደ መጀመሪያ ቀን ቁጠረው፣ የቀድሞውን አትሰርዘው፣ አንድ መስመር አስምርበት። ከላይ ያለውን ፌሮ ደግሞ ከኋላው ካለ ጠንካራ ዐለት ለይተህ ለካው፤ ቁጥሩ ከተቀየረ ቋሚ ያልከው መሬት ራሱ እየሄደ ነው፣ ከላይ ሌላ ስንጥቅ ፈልግ።